ስለ ዶሮ እርባታ የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ፣ አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ባግዳድ፣ ኦገስት 1995 እ.ኤ.አ.

ኢራቅ የኑክሌር ቦምብ ለመሥራት አስባ ስለማታውቅ፣ ያላሰበችውንም በሚገባ ስለደበቀች፤ የጸጥታው ምክር ቤት በኤፕሪል 1991 በውሳኔ ቁጥር 687 ያለንን ሁሉ እንድንዘረዝር ሲያዘን «የለንም» ብለን በጨዋ ደንብ ብንመልስም የሚያምነን ስለጠፋ፤ የፕሬዚዳንታችን አማች ሁሴን ካሜል በዚህ ወር ወደ ዮርዳኖስ ስለኮበለለና እዚያ ሆኖ ምን እንደሚዘከዝክ ስለማይታወቅ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የዶሮ እርባታ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2። የእንግዳ አቀባበል
ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በፊት ነገሩ ሁሉ ሥርዓት ነበረው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ቱዋይታ ወዳለው የኑክሌር ማዕከላችን መጥተው ያስመዘገብነውን ነዳጅ ይቆጥራሉ፤ ፈርመው ይሄዳሉ። ያላስመዘገብነውን ሕንፃ በር አያንኳኩም። እንግዳ ሳሎን እንጂ ጓዳ አይገባማ! ከ1991 ወዲህ የሚመጡት ግን ጓዳ ካልገባን፣ ከምድጃው አመድ ካልዘገንን የሚሉ ናቸው።

አንቀጽ 3።
ይህ አንቀጽ የለም። ኖሮም አያውቅም።

አንቀጽ 4። ትራንስፖርት
ጁን 28 ቀን 1991 ፋሉጃ ላይ የታየው ዝርክርክነት አይደገምም። ዩራኒየም ማበልጸጊያ ግዙፍ ማግኔቶች የጫኑት ከባድ መኪኖቻችን በጠራራ ፀሐይ ሲወጡ ተቆጣጣሪዎቹ ደርሰው ፎቶ አነሷቸው። ጥበቃዎች ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ ፎቶው ግን ተነሣ። ከእንግዲህ የሌለ ዕቃ የሚጫነው በሌሊት ብቻ ነው።

አንቀጽ 5። የመኪና ማቆሚያ
በሴፕቴምበር 1991 በዴቪድ ኬይ የሚመሩ 44 ተቆጣጣሪዎች የኑክሌር ፕሮግራማችንን ወረቀቶች አግኝተው «አንመልስም» ስላሉ ከመኪና ማቆሚያው እንዳይወጡ ታግደው አራት ቀን እዚያው ሰነበቱ። የሳተላይት ስልካቸውን መቀማት የዘነጋው ሠራተኛ፣ በዚሁ ስልክ ለዓለም ጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ ስለሰነበቱ፣ የወር ደመወዙ ይቀጣል። የፓርኪንጉን ሒሳብ እስካሁን አልከፈሉም።

አንቀጽ 6። ዶሮዎች
በካሜል የዶሮ እርባታ ውስጥ ከ100 ሣጥን በላይ ሰነድ መገኘቱ መንግሥታችንን ክፉኛ አስደንግጧል። ይህን ከግማሽ ሚሊዮን ገጽ በላይ የሆነ ወረቀት ከሃዲው ብቻውን፣ ማንም ሳያውቅበት እንደደበቀው ተረጋግጧል። ዶሮዎቹ ተጠይቀው አላየንም ብለዋል። ሰነዱን ለተባበሩት መንግሥታቱ የተቆጣጣሪዎች አለቃ ሮልፍ ኤኪዩስ ያስረከብነው በበጎ ፈቃዳችን ነው፤ አማችየው ይቀድመናል ብለን አይደለም።

አንቀጽ 7። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ
በ1991 ከነበረን የተከለከለ የጦር መሣሪያ ብዙውን ተቆጣጣሪ ሳንጠራ በገዛ እጃችን አውድመናል። ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ የንብረት ማስወገጃ ቅጽ አልተሞላም፤ ከውጭ የቆመ ምስክርም የለም። ወደፊት (ለምሳሌ ከስምንት ዓመት በኋላ) አንድ ኃያል መንግሥት ጦሩን አሰልፎ «አሁንም ደብቃችኋል» ቢለን፣ የምናቀርበው ማስረጃ «እመኑን» የሚለው ቃላችን ይሆናል። የቃላችንን ክብደት ዓለም ስለሚያውቀው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ በየትኛውም ጋዜጣ ሳይታተም የጸና ይሆናል። ተቆጣጣሪ ከጠየቀ ግን አልወጣም።