የቱርክ ካቢኔት
አዲስ አበባ ውስጥ የኪችን ካቢኔት የሚሠራ ሁሉ ዕቃው «የቱርክ» ነው። ቱርክ ይህን ሁሉ የኤምዲኤፍ ጣውላ ከየት ታመጣዋለች ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ዝም ብሎ ቀብድ መክፈል ነው። ዋጋው በሜትር ይሁን በካሬ፣ ማጠፊያውና ግራናይቱ ይግቡበት አይግቡበት፣ አይጨነቁ፤ ሠሪዎቹ ቀሪውን ሂሳብ ሲቀበሉ በዝርዝር ያስረዱዎታል። ጠርዙ በወጉ ያልታሸገ ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው እንደ አምባሻ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ለዚህም አይስጉ፤ ማን ሊያበስልበት! 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ባንኮኒ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነእግሩ የት ሊችል! ሽንኩርቱስ እዚያ ነጭ ካቢኔት ሥር ሊቁላላ ነው? እሱማ ጓሮ፣ በቆርቆሮው ማድቤት። አዲሱ ኪችን ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ቢበዛ ሻይ ይፈላበታል።