ገጽ የሌለው በሶ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አላነበብኩም ብዬ አላውቅም። እንዴት ይባላል? ዶሮ ወጥ ቀምሼ አላውቅም ማለት ይቀላል። ደግሞ ጭልጥ ያለ ውሸት አይደለም፤ መጽሐፉን ሰምቼዋለሁ። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው አያቴ ጉያ ተወሽቄ ነበር። እስካሁን ፊታውራሪ መሸሻ ሲባል የሚመጣብኝ የእሱ ድምፅ ነው።

ታዲያ በቀደም አንድ ወዳጄ እየጎተተ የመጽሐፍ ክበብ ወሰደኝ። አሥራ ምናምን ሰው አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ተፋፍጓል። ባለፈው ወር «ኦሮማይ»ን ተወያይተው ኖሮ ክርክሩ ገና አልበረደም። የዕለቱ ተራ የሐዲስ ዓለማየሁ ነበር። እኔ ሆዬ፣ ያለ መጽሐፍ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ገባሁበት።

«ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው» አልኩ በወጋየሁ ድምፅ፣ «በዛብህ ሊሸሽ ሲል ወይዘሮ ጥሩአይነት ከባላቸው ተደብቀው በሶ ቋጥረው የሰጡት ቦታ ነው። እናትነት ማለት ይህ ነው!»

ዝም አሉ። ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ መጽሐፏ ውስጥ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ወረቀት ሰክታበታለች። እርሳሷን አነሳች። «ጋሼ፣ ገጹን ይንገሩኝ፤ ላስምርበት።»

ከ500 ገጽ በላይ ነው መጽሐፉ። ከየት አምጥቼ ልንገራት? ሁሉም ያገላብጥ ጀመር። የወረቀቱ ኮሽታ ላብ አስጠመቀኝ። «የመጀመሪያው እትም ላይ ነው» አልኩ፤ ማን ያገኘዋል ብዬ። ይሄኔ ጥግ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ቦርሳቸውን ከፍተው፣ በካላንደር ወረቀት የተለበደ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የ1958ቱ።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ማታ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ስቃ ስቃ ልትሞት። «ያን ሌሊት እኮ የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ነበር! ሞላችልህ፤ አንተ አልተኛም ብለህ ስታለቅስ።» ትዝ አለኝ። ድንጋዩን ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተነው ነበር፤ እንደምንም ለግማሽ ሰዓት ያዘና ጭጭ አለ። ቀሪውን የተረከችው አያቴ ናት። እናት ሆና የሰው ልጅ ያለ ስንቅ እንዲሄድ አልሆነላትም፤ እናም በሶ አስቋጠረች።

ፊደል የማትለይ ሴት ናት እንግዲህ። ግን ለሰብለ ወንጌል ስታለቅስ ነጠላዋ ይረጥብ ነበር። ከዚያ ክበብ ውስጥ እንደ እሷ ያነበበ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እኔን ሳይጨምር ማለቴ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሄጄ ተናዘዝኩ። ሳቁብኝ፤ ካሳም ጣሉብኝ፤ የሁሉንም ቡና ከፈልኩ። ለወሩ የተመረጠው በትግርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የገብረየሱስ ኃይሉ «ሓደ ዛንታ» ነው። ትግርኛ የሚችሉ ሁለት አባላት ጮክ ብለው እያነበቡ ሊተረጉሙልን ነው። መስማት ከሆነማ ማን ብሎኝ!

የሐዲስንም ገዝቻለሁ። ዛሬ ገጽ 112 ደርሻለሁ። ወይዘሮ ጥሩአይነት እስካሁን ምንም በሶ አልቋጠሩም።