27 ላይ ድፍት

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ያንጠለጠለ ሰው ካፌ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ኬኩ ላይ አይደለም፤ የግድግዳው እግር ሥር ነው። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከአበባ ማሰሮው ኋላ፣ ከመጋረጃው ሥር ይፈልጋል። አስተናጋጇ ነገሩን ስለለመደችው ምን ልታዘዝ ከማለቷ በፊት "እሱ አይሠራም፤ የሚሠራው በዚያ በኩል ያለው ነው" ትለዋለች። በዚያ በኩል ያለው ጠረጴዛ ደግሞ ገና በጠዋቱ ተይዟል። የያዘው ሰው ያዘዘው አንድ ማኪያቶ ነው። ማኪያቶው አልቆ አረፋው ብርጭቆው ላይ ደርቋል፤ ሰውየው ግን ቻርጁ ገና 64 ስለሆነ አይነሳም። አንዳንድ የካፌ ባለቤቶች ሶኬታቸውን በፕላስተር መሸፈን የጀመሩት ወደው አይደለም።

ሰውን እንዲህ ከግድግዳ ጋር የሚያጣብቀው ባትሪ ነው። አንድ ተርጓሚን እንውሰድ። ዕድሜው ከአርባ አለፍ ያለ፣ እንጀራው ላፕቶፕ ላይ የተጋገረ ሰው ነው። ላፕቶፑን የገዛው "ከአሜሪካ የመጣ፣ ብዙም ያልተሠራበት" ተብሎ ነው። ስለ ባትሪው ሲጠይቅ ሻጩ ዓይኑን በጨው አጥቦ "አራት ሰዓት ይይዛል" አለው። ያገለገለ ላፕቶፕ ሻጭ ሁሉ አራት ሰዓት ነው የሚለው። ሁለት ቢል ገዢው ይሸሻል፤ ስምንት ቢል ማንም አያምነውም።

ባትሪው የራሱ ጠባይ ነበረው። ከ100 ተነስቶ በሰላም ይወርዳል፤ 60፣ 45፣ 30። 27 ላይ ሲደርስ ድፍት ይላል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቀይ ምልክት የለ። ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የገዛ ፊቱን ያያል። መቼም ሩብ ያህል የቀረው ነገር አለቀ ሲባል ለመቀበል ይከብዳል። ግን ቁጥሩ ከመጀመሪያውም ግምት ነው። ባትሪው ውስጥ ስንት እንደቀረ በቀጥታ የሚያይ የለም፤ ቮልቴጁን እየለካች፣ የገባ የወጣውን እየቆጠረች የምታሰላ አንዲት ቺፕ ነች ያለችው። ሴሎቹ ሲያረጁ የውስጥ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል፤ ፕሮሰሰሩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ዘጭ ይልና ማሽኑ ይጠፋል። ቺፗ አሁንም በድሮው ሒሳብ 27 እያለች ነው።

የባትሪ ሕመም እንደ ጨጓራ ነው፤ ሁሉም ሰው መድኃኒት ያውቃል። ጎረቤቱ "ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰካው" አሉት። አንድ ጓደኛው ፍሪዘር ውስጥ እንዲያሳድረው መከረው። አክስቱ ነገሩን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ "ፀሐይ ላይ ብታሰጣውስ?" አሉ።

ከሦስቱ ለአክስቱ መፍረድ ይቻላል። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ አስጥተው የማታ ዜና የሰሙ ሰው ናቸው። ያ ድንጋይ ውስጡ ዚንክና ማንጋኒዝ ስለሆነ ሙቀት ሲያገኝ ኬሚካሉ ነቃ ይልና ለጥቂት ጊዜ ይሠራ ነበር፤ ለዜና ይበቃል። የጎረቤትየውም ምክር በዘመኑ ልክ ነበር። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ደጋግሞ ሳያልቅ ከተሞላ አቅሙን የሚረሳ አመለኛ ነው ይባልለት ነበር። ባትሪው ከላፕቶፕ ውስጥ ከጠፋ ዘመን አለፈው፤ ምክሩ ግን አልሞተም። የፍሪዘሩን ነገር እንተወው፤ እርጥበትና ብርድ ለየትኛውም ላፕቶፕ አይበጁም፣ ሥጋውም ቦታ ይፈልጋል።

የዛሬው ላፕቶፕ የሚሠራው በሊትየም አዮን ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ይህ ባትሪ ጆን ጉድኢናፍን፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምንና አኪራ ዮሺኖን በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል አሸልሟል። ጉድኢናፍ ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በእርጅና ዕድሜ ኖቤል በመቀበል የሚስተካከላቸው የለም። ያረፉትም 100 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። ባትሪያቸው ግን 100 ሞልቶ መቀመጥን አይወድም።

ጉዳዩን ለተርጓሚው የገለጠለት የእህቱ ልጅ ነው። ልጁ መጥቶ ጥቁሯን የትእዛዝ መስኮት ከፈተና አንድ መስመር ጻፈ፤ ዊንዶውስ የባትሪውን ሙሉ ታሪክ አወጣ። ይህ ሪፖርት የቅርብ ዘመን ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ሁሉ ውስጥ በነፃ ተቀምጦ ሳለ ሰው "አራት ሰዓት ይይዛል"ን አምኖ ገንዘቡን ይቆጥራል። ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ 50,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ አሁን ሲሞላ 21,000።

"ጋሼ፣ አንተ 100 የምትለው የ42 ፐርሰንት 100 ነው" አለው።

ተርጓሚው ይህን ለመተርጎም ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

ገዳዮቹ ሙቀትና ጥጋብ መሆናቸውንም ነገረው። ሊትየም አዮን ጢም ብሎ ሲሞላ በውስጡ ያለው ኬሚካል እርስ በርሱ መበላላቱን ያፋጥናል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ቻርጁን 80 አካባቢ ላይ የሚያስቆም ማስተካከያ ላፕቶፑ ውስጥ አስገብተዋል። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ላይ ቢተዉት ይመረጣል። ልጁ 80 ላይ እንዲቆም አድርጎለት ሄደ።

በማግስቱ ማታ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ 80 ላይ ነው።

እዚህ ላይ የባትሪ ምክር ሁሉ የተጻፈው መብራት ለማይሄድበት አገር መሆኑን ማንሳት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የተርጓሚው ሰፈር ግን የሚጨልመው ጉባ ላይ ውሃ አንሶ አይደለም። ጥግ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነው፤ ወይም ዝናብ ሲጥል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ተጋድሞ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ባትሪን ለመጪው ዓመት ብሎ 80 ላይ ማቆም፣ ለዛሬ ማታ ሥራ ደግሞ መቶ መሙላት ሁለቱም እውነት ናቸው። መብራት የማይጠፋበት ቢሮ የሚውል ሰው 80 ላይ ያቁመው። በየማታው ሻማ የሚያበራ ሰው ግን ይሙላው፤ ባትሪ የሚገዛው ሊሠራበት እንጂ በጤና ሊጦር አይደለም። አዲስ ባትሪም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያረጃል፤ "ኦሪጅናል ነው፣ አልተነካም" የሚል ሻጭ ይህን ሲነግሩት ቅር ይለዋል።

ባትሪው የሚበላው የት ነው ከተባለ መልሱ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 ዋት ለሚወስድ ሥራ አምስት ሰዓት ይሰጣል፤ 20 ዋት ለሚወስድ ሁለት ሰዓት ተኩል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃኑን እስከ ጣሪያ ከፍቶ፣ ብራውዘሩ ላይ የማይነበብ አርባ ገጽ ደርድሮ "ባትሪው ሌባ ነው" ማለት ባትሪውን ማማት ነው። ተርጓሚው በዚህ ላይ ብርድ ሲሆን አልጋው ላይ ጋቢ አንጥፎ ላፕቶፑን እላዩ ላይ ያስቀምጣል። ጋቢው የአየር መውጫውን ይደፍነዋል፤ ፋኑ ያቃስታል፤ ሰውየው እግሩ ስለሞቀው ደስ ይለዋል። ከቢሮ ሲወጣ ደግሞ ክዳኑን ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። አንዳንድ የዘመኑ ላፕቶፖች ሲዘጉ ከልባቸው አይተኙም፤ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው ኢሜይል ይጠብቃሉ። ቦሌ ላይ 90 የነበረው ቀጨኔ ሲደርስ 70 ሆኖ፣ ቦርሳውም ከምድጃ የወጣ ይመስል ሞቆ ይገኛል። ስሊፕ በሚለው ፋንታ ሃይበርኔት ቢለው ኖሮ ሥራውን ዲስኩ ላይ ጽፎ ድርግም ይል ነበር።

አንድ ነገር ግን ለቀልድ አይመችም። መዳሰሻው ከፍ ብሎ አልጫን ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው የሚያውቃት አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ መዳሰሻው የተበላሸ መስሏት በላዩ ላይ ወፍራም መዝገበ ቃላት ጭናበት ታሳድር ነበር። ውስጡ የታመቀው ጋዝ ነው፤ መጫንም መውጋትም ወደ እሳት ይወስዳል። ዴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በእሳት ሥጋት ምክንያት 4.1 ሚሊዮን ባትሪዎችን ከደንበኞቹ የሰበሰበው ለጨዋታ አልነበረም። ባትሪው ሲያብጥ ከሶኬት ነቅሎ፣ አጥፍቶ ወደ ባለሙያ መውሰድ እንጂ መዝገበ ቃላት መፍትሔ የለውም።

ወደዚያ ማታ እንመለስ። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ተርጓሚው የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋራ፤ ስልኩ ሲደክም በገመድ ከላፕቶፑ ላይ ሰካው። ስልኩ ለላፕቶፑ ኢንተርኔት ይሰጣል፣ ላፕቶፑ ለስልኩ ቻርጅ ይሰጣል፤ ሁለቱም እየተመጋገቡ አብረው ይሞታሉ። ይህ ሲሆን በሩ ተንኳኳ። የግቢው ዘበኛ ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል።

"ልጄ፣ ነፍስ ይዝራልኝ እንጂ መሙላት አያስፈልግም።"

ስልካቸው ባለ 5,000 ሚሊአምፕ ሰዓት ነው፤ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይሆናል። የተርጓሚው ላፕቶፕ አሁን ጢም ብሎ ሲሞላ 21 ነው። እምቢ ማለት ግን አይቻልም፤ ማታ ማታ በር የሚከፍቱለት እሳቸው ናቸው። "ይግቡ አባባ" አለና ሰካላቸው።

ላፕቶፑ 38 ሲደርስ ሰፈሩ በልጆች ጩኸት ተናጋ፤ "መጣ!" ተርጓሚው ቻርጀሩን አንስቶ ወደ ሶኬቱ ተንደረደረ። ዘበኛው እጁን ያዙት።

"እንዳትሰካው! እንደመጣ ኃይለኛ ነው፤ ያቃጥልሃል። ትንሽ ይርጋ።"

ትክክል ናቸው፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚችል ተጽፏል፣ እንደመጣ የሚዘለው ኃይል ግን ያንን አያነብም። ሁለቱም አምፖሉን እያዩ ቆሙ። አምፖሉ ደመቀ፣ ፈዘዘ፣ እንደገና ደመቀ።

"አሁን ረግቷል፣ ስካው" አሉ።

ሶኬቱን ሳይነካ መብራቱ ሄደ።