የቀትር ጋኔን በፊልም የለም

የልጅ ልጄ ሞባይሉን ጀሪካን ላይ አስደግፎ «አባባ፣ የሚያስፈራ ፊልም ላሳይዎ» አለኝ። አየሁ። ሌሊት ነው፤ መብረቁ ያጓራል፤ ነጭ የለበሰች ሴት ጠጉሯን ፊቷ ላይ ደፍታ በመስኮት ትገባለች። «ይቺ ማናት?» ብለው «ሰይጣን ናት» አይለኝ መሰላችሁ! ሹሩባ የሚሠራላት አጥታ እንጂ ምን ሰይጣንነት አለባት?

ደግሞ እዚህ እኛ አገር ሽንፋ ላይ ሰይጣን በሌሊት ምን ሊሠራ ይመጣል? ሌሊቱ የወባ ተራ ነው። ዳዊቱም ለይቶ የሚያነሳው የቀትር ጋኔንን ነው። የሚያዝያን ስድስት ሰዓት ያየ ይፍረድ፦ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ውሻው መጮህ ታክቶታል፣ መንገዱ ላይ የሌለ ውሃ ይንቦጫረቃል። ያኔ ነው የሚመጣው፤ ያለ መብረቅ፣ ያለ ሙዚቃ። ጎረቤቴ ከሰሊጥ እርሻ በቀትር ሲመለስ «እንዴት ዋልክ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ቢዞር ማንም የለም። ሦስት ቀን አንደበቱ ተያዘ። ሐኪሙ ወባ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ወባስ ብትሆን ያለ ላኪ ትመጣለች?

የፊልሙ ቄስማ ጥምጥሙን እንደ ፎጣ ጠቅልሎ ነው ጋኔን የሚያወጣው። ደብተራው ሁሉ መተተኛ! ዜማ የሚያውቅ አንድ እንኳ ጠፋ?

የጥንቶቹ ብልህ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ያን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሲያዩ «ሰይጣን ቤት» ብለውት አረፉ። ዛሬ ሰይጣን ቤቱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ካርድ ሙሉልኝ ይላል።

አንዱን ግን አልረግምም፤ የጎንደሩን ልጅ፣ ፊልም ሠሪውን ኃይሌ ገሪማን። በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ላይ በተሸለመው ፊልሙ በ«ጤዛ» አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ ደርግን አይቶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ሌሊት እየቃዠ ይጮኻል። እናቱ ጠበል ትወስደዋለች። ምን ታድርግ? ልጇን የያዘው የዘመኑ ግድያ ነው፤ እሷ ዘንድ ያለው መድኃኒት ደግሞ ጠበል ብቻ። ውሃው ሲፈስበት እኔም በረደኝ፤ በሽንፋ ሙቀት!

የልጅ ልጄ «ጤዛ»ን «ይሄ አያስፈራም» ብሎ ሊያልፈው ሲል እጁን ያዝኩት። ስንሟገት ባትሪው አለቀ። ቻርጀሩ ጎረቤት ነው፤ ሰዓቱ ስድስት።

«ሂድ አምጣ» አልኩት። በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን መንገድ ግራና ቀኝ አየ።

«ትንሽ በረድ ሲል፣ አባባ።»

ሙቀቱን ፈርቶ ነው።