ውኃው አልገባ፣ ፎቶው አልወጣ

የኅዳር ነፋስ መጥቶ ሙቀቱ ጋብ ሲል ጅቡቲ ያለን ሐበሾች ወሬያችን ሁሉ ባሕር ይሆናል። ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ገብተዋል፤ እስከ ጥር ድረስ አርታ ዳርቻ አካባቢ ይታያሉ። ከአዲስ አበባ በባቡር መጥቶ ናጋድ የሚወርደው እንግዳም መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ከዚያ በየአንገቱ ያቺ ለስላሳ የላስቲክ ከረጢት ትንጠለጠላለች፤ ስልክ ወይም ትንሽ ካሜራ ይከተትባታል፣ አፏ ይቆለፋል፣ ባሕር ይገባል። ማታ ተሰብስበን የምናየው ግን ያንኑ አረንጓዴ ጭጋግ ነው። «ይሄ ጭራው ነው፣ ይሄ ሆዱ መሰለኝ» እየተባባልን። ኧረ እስከ መቼ?

ሻጩ የሚምልልን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውኃ አያስገባም። እውነቱን ነው፣ ብዙውን ጊዜ አያስገባም። ነገር ግን ውኃ አለማስገባት ሌላ፣ ፎቶ ማንሳት ሌላ። ማሸጊያው ላይ «አይፒኤክስ 8» ተብሎ ይጻፋል፤ 8ቱን ሜትር መስሎት የሚጠልቅ ስንቱ ነው! ቁጥሩ የሚለው ዕቃው ከ1 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት፣ አምራቹ ባስቀመጠው ሁኔታ ተፈትኗል ነው። ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን ከደቃቃው ጽሑፍ ፈልጎ ማውጣት የገዢው ዕዳ ሆኗል። ፈተናውም ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ላይ ነው፤ ከጀልባ የሚዘል ሰው አንገት ላይ አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ላቡ ነው። የዚህ ከተማ አየር እርጥብ ነው። ከረጢቱ ጀልባ ላይ ሲዘጋ ያ የሞቀ እርጥብ አየር አብሮ ይቆለፋል። ባሕሩ ከረጢቱን ቀዝቀዝ ሲያደርገው እርጥበቱ ጠብታ ይሆንና ልክ ሌንሱ ፊት ያለው መስኮት ላይ ይለጠፋል። ከውስጥ ስለሆነ በጣት አይጠረግ፤ ባሕር መሐል ደግሞ አይከፈት። መላው ካሜራውን ቤት ውስጥ፣ ኤር ኮንዲሽን ባደረቀው አየር አሽጎ መውጣት ነው። ይህን የሚነግር ሻጭ አላጋጠመንም። የምናውቀውም ብንሆን ወደ አርታ መንገድ ላይ አንዱ «እስቲ አውጣውና አንሳን» ይላል፤ ከረጢቱ ይከፈታል፤ የቤቱ ደረቅ አየር ሄደ ማለት ነው።

አየሩ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። በዛ ካለ ከረጢቱ እየተንሳፈፈ አልጠልቅም ይላል፤ ተጨምቆ ከወጣ ደግሞ ላስቲኩ ስክሪኑ ላይ ይጣበቅና ውኃው ሲጫነው ማንም ሳይነካው ይነካካል። የስልክ ስክሪን የጣትን ኤሌክትሪክ እየለየ የሚሠራ ነው፤ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ያደናግረዋል። ስለዚህ ከመግባት በፊት ካሜራውን ከፍቶ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ማንሳት ይሻላል። ቁልፉን በወፍራም ላስቲክ ላይ እየዳበስን ስንፈልግ ዓሣው አልፏል።

ብርሃኑም አያግዝም። ቀይ ቀለም ገና ጥቂት ሜትር ሳይወርድ ይጠፋል። ዌል ሻርኮቹ የሚመጡት ፕላንክተን የሚባል ደቃቅ ምግብ ፍለጋ በመሆኑ እነሱ ያሉበት ውኃ ድፍርስ ነው፤ ፍላሽ ቢበራ የሚደምቀው ያ ደቃቅ ነገር ነው። እንስሳውንም ያውካል፤ እባካችሁ አታብሩ።

ይህን ሁሉ የማማርረው ለማስታወሻ ፎቶ ብቻ ብዬ አይደለም። የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ለብቻው ነው። ተመራማሪዎች ከስንጥቡ ጀርባ ያለውን የጎኑን ፎቶ እያነጻጸሩ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ይላሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የከዋክብትን ምስል ለማዛመድ የተሠራ ስሌት ለዚሁ ነጠብጣብ እንደሚያገለግል አሳይቷል። የተራ ጎብኚ ፎቶም ጥርት ካለ ይጠቅማል። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት መመለሳቸውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ላብ ካጨለመው ፎቶ ግን ምን ነጠብጣብ ይቆጠራል?

ከባሕር መልስም ድካሙ አያልቅም። ጨው መዝጊያው ላይ ይደርቅና በሚቀጥለው ጊዜ ያቺ ቅንጣት ለውኃ መንገድ ትከፍታለች። በቧንቧ ውኃ መለቅለቅ አለበት፤ ጀልባው ላይ ደግሞ የሚጠጣ እንጂ የሚለቀለቅበት ውኃ የለም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሶማሌ ክልል ሐዳጋላ በተዘረጋ ቧንቧ ውኃ ለሚመጣለት ከተማ «ለከረጢት ማጠቢያ ስጡን» ማለትም ያሳፍራል። ቢሆንም አንድ ባልዲ ለአንድ ጀልባ ሰው ሁሉ ይበቃል። ባለጀልባዎች እሱን ይያዙልን። ሻጮችም ሜትሩንና ደቂቃውን በጉልህ ይጻፉ፤ ከመሸጣቸው በፊትም ባዶው ከረጢት ውስጥ ሶፍት ከትተው፣ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ሶፍቱ ደረቅ መውጣቱን ፊታችን ያሳዩን።