ስለ ጢንዚዛ ርስት የቀረበች አጭር ሐተታ

ስለ ነገሥታት ዜና፣ ስለ ቅዱሳን ገድል፣ ስለ አንበሳና ስለ ነብር ጠባይ ብዙ ብራና ተፍቆ ብዙ ቀለም ተበጥብጦ ሳለ፣ በየግጦሹ መስክ ሳይታክት እበት የሚያንከባልለውን ጥቁር ጢንዚዛ ግን በአገራችን ከእረኞች በቀር ቀርቦ የመረመረው እምብዛም ስላልተገኘ፣ ይህች ሐተታ ለልጆች ተጻፈች፤ ስለ ርስት የምትናገረውን ክፍል አዋቂዎችም ቢሰሙ አይከለከሉም።

ላም በመስክ ላይ እበቷን በጣለች ጊዜ ሁለት ባለመብቶች ይነሣሉ። አንደኛዋ ኩበት ልትጠፈጥፍ የምትመጣ ባልቴት ስትሆን፣ ሁለተኛው ጢንዚዛ ነው። ሽታው በነፋስ የደረሰው እንደ ሆነ፣ በጀርባው ጠንካራ ክዳን ሥር አጣጥፎ ያኖረውን ስስ ክንፍ ዘርግቶ እያጓራ ይመጣል፤ ካረፈም በኋላ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ በተከረከመ ግንባሩ እየቆረሰ፣ በፊት እግሮቹም እየጠፈጠፈ፣ ከራሱ አካል የሚበልጥ ድቡልቡል ያበጃል። ከዚያ ወዲያ ራሱን ወደ ምድር ዘቅዝቆ፣ በፊት እግሮቹ መሬቱን እየረገጠ፣ በኋላ እግሮቹ ርስቱን እየገፋ የኋሊት ይጓዛል። መንገደኛ የሚሄድበትን ማየት ይገባዋል የሚሉ አሉ፤ ጢንዚዛውን ግን የሚያሠጋው የሚሄድበት ሳይሆን የተነሣበት ስፍራ ነው፤ ዘመዶቹ ያሉት እዚያ ነውና።

የቀድሞ ሰዎች ሁለት ጢንዚዞች አንዱን ድቡልቡል ይዘው ሲደክሙ ባዩ ጊዜ፣ ደቦ የወጡ ወንድማማቾች መስለዋቸው እጅግ አመሰገኑአቸው። ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን አንሪ ፋብር (1823–1915) ግን ነገሩን እስከ ፍጻሜው ቢከታተል፣ ረዳት የተባለው፣ ባለቤቱ ጉድጓድ ሊቆፍር ጎንበስ ባለ ጊዜ ድቡልቡሉን ይዞ የሚሰወር ሌባ ሆኖ አገኘው። (ባልና ሚስት ሆነው የሚጓዙትን ይህች ሐተታ አትመለከትም፤ የእነርሱ ነገር ለነፍስ አባታቸው ይተው።) ለእርዳታ በመጣ ጎረቤት ድንበሩ የተገፋበት አንባቢ በፋብር ምርምር የሚደነቅ አይመስለኝም።

በጢንዚዞች ዘንድ ዳኛ ስለሌለ፣ «በሕግ አምላክ» ብሎ ማስቆምም ስለማይቻል፣ ለባለርስቱ የቀረለት መድኃኒት ቀጥ ብሎ መሸሽ ብቻ ነው፤ መንገዱ የተጠማዘዘበት ዞሮ ከሌቦቹ እጅ ይወድቃልና። ስለዚህ ንብረቱን ለማዳን ሲል የሰማይን ምሥጢር ተማረ። ጉዞ ሳይጀምር ከድቡልቡሉ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ያሸበሽባል፤ ይህም አቅጣጫውን ከሰማይ የሚቀበልበት ሥርዐት ነው። ቀን በፀሐይ ይመራል፤ ሌሊት የሚወጣው ወገን ደግሞ በጨረቃ፣ ጨረቃም በሌለች ጊዜ በፍኖተ ሐሊብ ብርሃን ይሄዳል። የስዊድንና የደቡብ አፍሪቃ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህ ተረጋግጧል፤ ሰማይን እንዳያዩ የካርቶን ቆብ የደፉላቸው ጢንዚዞች መንገዳቸው ሲጠማዘዝ፣ ወደ ጆሃንስበርግ ፕላኔታሪየም አስገብተው ፍኖተ ሐሊብን ብቻ ያሳዩአቸው ግን አቅንተው ተጓዙ። ቆብ መድፋት ሁሉን ወደ ሰማይ ያቀርባል ለሚሉ ሰዎች ይህ ከባድ ጥያቄ ነው።

እናቲቱ ከምድር በታች በተሰወረው ድቡልቡል ውስጥ አንዲት እንቁላል ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ትል ቤቱን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። የወላጁን ርስት በልቶ የሚያድግ ልጅ በእኛም ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ አላብራራውም። የጥንት ግብፃውያን ግን ጢንዚዛው ከምድር ያለ ወላጅ የሚወጣ መስሏቸው፣ ፀሐይን በሰማይ ከሚገፋው ኬፕሪ ከተባለው አምላካቸው ጋር አንድ አድርገው፣ መልኩን በማኅተማቸው ላይ ቀረጹት።

ከዚህ የሚበልጥ ክብር ያገኘው በአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1788 የእንግሊዝ መርከቦች ከብት ባስገቡ ጊዜ፣ የአገሩ ጢንዚዞች ከካንጋሮ ደረቅ በጠጥ በቀር ስለማያውቁ፣ የላሙን እርጥብ እበት አብዛኞቹ ተጸየፉት፤ እበቱም በየመስኩ እየደረቀ ሣሩን ሸፈነ፣ ዝንብም በዛ። ስለዚህ በሃንጋሪ ተወላጁ ሊቅ በጆርጅ ቦርኔሚሳ አሳብ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአፍሪቃና ከሌላም አገር ባለሙያ ጢንዚዞች ተመለመሉ። በሽታ ተከትሏቸው እንዳይገባ እንቁላላቸው ከድቡልቡሉ ወጥቶ በመድኃኒት ይታጠብ ነበርና፣ የታጠበውም እንቁላል ማደሪያ ያስፈልገው ነበርና፣ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ማዕርግ የተቀበሉ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ እየተቆረጠላቸው እበት በእጃቸው አድቦለቦሉ።