የአቶ ትውስት ካሴት ፊሊፕስ አጭር የሕይወት ታሪክ

ክቡራን ለቀስተኞች፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ድንኳኑ ጠባብ ስለሆነ ጠጋ ጠጋ በሉ። ንፍሮው እየዞረ ነው። የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የተመረጥኩት ከሁሉ አብልጬ ስለማውቃቸው እንዳይመስላችሁ። ያልከፈልኩት የእሳቸው ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውን ሳልናገር አልቀመጥም።

አቶ ትውስት ከአባታቸው ከአቶ ካሴት ፊሊፕስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እጦት፣ በአንድ የመርካቶ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ተወለዱ። የተወለዱበት ቀን አልተመዘገበም፤ የዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ነው። የአባታቸው ግን ይታወቃል። አቶ ካሴት በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ በበርሊን የሬዲዮ ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታዩ። ቁመታቸውን የለካላቸው ሉ ኦተንስ የተባለ የኔዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ኮት ኪሱ የምትገባ ቁራጭ እንጨት ጠርቦ፣ ዕቃው ከዚህች እንዳይበልጥ ብሎ አዘዘ። ሌላው ዓለም ከዚያች ኪስ ምን እንዳተረፈ እንጃ፤ እኛ አቶ ትውስትን አተረፍን። ሸክላ ኪስ አይገባም። ኪስ የማይገባ ነገር ደግሞ በታክሲ ረዳት እጅ ሱሉልታ አይላክም።

ቤተሰቡ ሕግ መጣስ ለምዷል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ኦተንስም አምሐም ያረፉት በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ኦተንስ በየካቲት፣ አምሐ በሚያዝያ። ዓለማየሁም ዓመቱ ሳያልቅ በነሐሴ ተከተላቸው። በአንድ ዓመት ሦስት ድንኳን። አቶ ትውስት ግን በዚያን ጊዜ ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር መርዶውን የሰሙ አይመስለኝም።

ሟች በሕይወት ሳሉ ሥራቸው ካሴት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማሻገር፣ ሲመለስም አስተያየት ይዞ እንዲመለስ ማስገደድ ነበር። ሕጋቸው አንዲት ናት፤ ካሴት ባዶውን አይመለስም። የጎረቤት አገልግል ባዶውን እንደማይመለስ ማለት ነው። «ቆንጆ ነው» ብሎ መመለስ ባዶ ከመመለስ አይሻልም ነበር። የትኛው ዘፈን ነው ቆንጆ? አቀናባሪው ማነው? ከበሮውን የሚመታው ሰው ነው ማሽን? ሁለተኛው ጎን ላይ ቤት ለመምታት ብቻ የተጎተተችው ቃል የቷ ናት? መልስ የሌለው ሰው የሚቀጥለውን ካሴት አያገኝም። በእኛ ሰፈር ከዚህ የከበደ ቅጣት አላውቅም።

ደግሞም መዝለል አይቻልም ነበር። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ወደፊት ማሳለፍ ድንጋይ ይጨርሳል። በእስክርቢቶ ማጠንጠን ደግሞ እጅ ያደክማል። ስለዚህ ደካማውን ዘፈን ከጠንካራው እኩል፣ ሳንወድ በግድ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሰማነው። አስተያየት ያስተማረን ይህ ደካማ ዘፈን ነው። ደጉማ እያስደነሰ ያዘናጋል።

የእኛን ማኅበር ላስተዋውቅ። ሦስት ነበርን። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ናቸው። ካርታ ላይ ሲታዩ ጎረቤት ይመስላሉ። ካሴት ግን በካርታ አይሄድም። ከእኔ ከቡራዩ ተነስቶ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባ ይገባል፣ አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ይቀይራል፣ እንጦጦን ይሻገራል፤ ከዚያ ብርድ ይቀበለዋል።

የሱሉልታው ወዳጃችን የመንገዱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ የሚደርሰው የቅጂ ቅጂ ነበር። ኦሪጅናሉን የገዛ ለሌላው ያስቀዳል፣ ያ ለሌላው ያስቀዳል፤ በየደረጃው አንድ «ሽሽሽ» ይጨመራል። እሱ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኞቹ በሙሉ ዝናብ ውስጥ የሚዘፍኑ ይመስላሉ። ስለ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝና ስለ ሰላም ወልደማርያም ጊታር ስንጨቃጨቅ፣ ሮሃ ባንድ ውስጥ ቤዝ መኖሩን ከእኛ ሲሰማ ተገረመ። ነገር ግን በአሊ ቢራ ላይ ዳኛው እሱ ነበር። ኦሮምኛው ከሁለታችን ይልቅ የጠለቀ ነው። ከአንድ ስንኝ ሦስት ትርጉም አውጥቶ፣ አራተኛውን ለሚቀጥለው ካሴት ያስይዝብናል። አራጣ አበዳሪ ነበር ማለት ይቻላል።

የሰበታው በዚያው በሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ሽፋን የማያታልለው ገምጋሚ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እኛ የዘፋኙን ኮትና ከጀርባው የተለጠፈውን የባሕር ዳርቻ ሥዕል አይተን ግማሽ ፍርድ ሰጥተን ነበር የምንጀምረው። እሱ ከክሩ ይጀምራል። ካሴቶቹ ላይ ከወፍራም ወረቀት የተቆረጠች ምልክት ይለጥፋል። በብሬል የመጀመሪያው መስመር የዘፋኙ ስም፣ ሁለተኛው መስመር የእሱ ፍርድ፣ ሁልጊዜም አንዲት ቃል። ቃሏን በአፉ የሚነግረን ግን የእኛን ከሰማ በኋላ ነው። ማናችንም ብሬል ስለማናነብ ፍርዱ ዓይናችን ሥር ተቀምጦ ተደብቆብን ይከርማል። ስንሳሳት ይስቃል። በሳቁ ብዛት ምን ያህል እንደሳትን እንገምታለን።

አሁን ወደ ሟች ኃጢአት ልለፍ። አውቃለሁ፤ ቀብር ላይ ክፉ ሰው የለም። እኔ ግን የአቶ ትውስትን ታሪክ ያለ ኃጢአታቸው ባነብ ራሳቸው ባዶ ካሴት መለስክ ይሉኛል። ሟች ከዘፋኙ ጉሮሮ እየነጠቁ ኖረዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ፣ ስማቸው ባይጠራም የተጠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ኦሪጅናል ገዝተን ለሦስት ከተማ ስናዳርስ፣ ገጣሚው የቤት ኪራዩን በምን እንደሚከፍል ጠይቀን አናውቅም። በኋላ የመጡት የሙዚቃ መተግበሪያዎች አውታርና ሰዋሰው ለባለሙያው አንድ ነገር ለመክፈል ሲሉ ተነሱ፤ ሟች ግን ከመወለዳቸው እስከ መሞታቸው ሳንቲም አልከፈሉም። ይህ ይጻፍ።

ሕመማቸው የጀመረው በሲዲ ነው። መጀመሪያ ላይ ጉንፋን መሰላቸው። ኤምፒ3 ሲመጣ፣ አንድ ዲስክ መቶ ምናምን ዘፈን ተሸክሞ ሲታይ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። መቶ ዘፈን የተዋሰ ሰው ስለየትኛው አስተያየት ይስጥ? ከዚያ ፍላሽ፣ ከዚያ ሚሞሪ፣ ከዚያ ዩቲዩብ። በ2009 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» ሲወጣ ሰው ለሲዲ ተጋፍቶ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ዘፈን በዘፈን ሲከራከር፣ ሟች ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ውኃ ጠይቀው ነበር። ዳኑ ብለን ተደሰትን። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ የሚያውቁ አሮጊቶች ግን ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

የገደላቸውን ብትጠይቁኝ ሊንክ ነው እላለሁ። ሊንክ የላከ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ካሴት ያዋሰ ሰው ቤት ግን ሳምንቱን ሙሉ ጭር ይላል። ያን ጭርታ ለእኔ ሲል እንደተቀበለው ስለማውቅ፣ ካሴቱን ስመልስ አንድ ነገር ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ዛሬ የሱሉልታው ሊንክ ይልክልኛል፣ እኔ አውራ ጣት እልክለታለሁ፤ ሁለታችንም አልሰማነውም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱ ከተሞቻችን ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ። አንድ ከተማ ከሆንን ወዲህ አንድም ካሴት አልተላለፍንም።

ዕዳዬ ይኸውላችሁ። የሰበታው ያዋሰኝ የመጨረሻው ካሴት የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ሰው ነው፤ አሜሪካ ከቀረ በኋላ አኮርዲዮንና ኪቦርዱን ይዞ፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ ብቻውን የቀዳው፣ በ1977 ዓ.ም. የወጣ ካሴት። ዘፋኝ የለበትም። የሱሉልታው ሰምቶ «ሙሽራም ሚዜም የሌለበት ሰርግ» ብሎ ፈረደ። እኔ ሰማሁት፣ ደገምኩት፣ የምለው አጣሁ። አኮርዲዮኑ ያረጀ ትዝታ ያወራል፤ ማሽኑ ደግሞ ከሥሩ ስሜት የሌለው ጸሐፊ ይመስል ቃለ ጉባዔ ይይዛል። ተጣልተዋል ወይስ ተግባብተዋል? እስክወስን ብዬ አቆየሁት። የምለው ሳይኖረኝ ለመመለስ አፈርኩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ ዓመታት አለፉ።

በ2005 ዓ.ም. ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህንኑ ካሴት ባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ፣ ኃይሉን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ አፈላልጎ፣ በስምምነት እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ፈረንጁ ሁሉ አስተያየት ሰጠ። ለሱሉልታው ደውዬ ብነግረው ፍርዱን አልሻረም፤ ሰርጉ አሁንም ሙሽራ የለውም አለ። ስለዚህ አቋሙ አከበርኩት። የሰበታው ስልክ ግን ቁጥሩ ተቀይሯል፤ ሰፈሩ ሄጄ ስጠይቅ ቤቱን ለቋል አሉኝ።

ካሴቱ አሁን ኮት ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንጨት ጠራቢው እንዳለው በልኩ ገብቷል። የብሬሏ ወረቀት አልተላጠችም። የመጀመሪያው መስመር «ኃይሉ» እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛውን መስመር፣ ያችን አንዲት ቃል፣ በጣቴ ስንቴ እንደዳሰስኳት አልቆጠርኩም፤ ነጥቦቹን እንጂ ፍርዱን አላገኘሁም።

ለቀስተኞች፣ ንፍሮውን ቅመሱ። ከመካከላችሁ ብሬል የሚያነብ ካለ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ እኔ ጠጋ ይበልልኝ። ቃሏን ግን አስቀድሞ እንዳይነግረኝ፤ መጀመሪያ የእኔን ይስማ።